ይድረስ መኪናዬ ውስጥ ሆነሽ ለምትጮኺብኝ እመቤት

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? እኔ ካንቺ ጩኸት በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን በጣም ደህና ነኝ። ስምሽን ስለማላውቀው እመቤት ብዬሻለሁ፤ ቅር እንዳይልሽ።

በ2016 መንግሥት የነዳጅ የቤት መኪና እንዳይገባ ሲከለክል፣ እኔም ዕቁቤን አውጥቼ የእህቴን ብር ጨምሬበት ኤሌክትሪክ ገዛሁ። ደላላው «ይሄ እኮ ጎማ ያወጣ ስልክ ነው» አለኝ። ሙገሳ መስሎኝ ነበር። ሳቢያን ቤቴ እስክደርስ፣ አንቺ የመኪናው ኮምፒውተር ድምፅ፣ በቻይንኛ አሥራ አንድ ጊዜ ተናገርሽኝ፣ አንዱም አልገባኝም። አቦ፣ ድሬ እኮ ነው ያለሽው! እዚህ ሰው ወሬውን በአማርኛ ይጀምርና በኦሮምኛ አዙሮ በሶማሊኛ ይጨርሰዋል። ቀፊራ ገበያ ቲማቲም የምትሸጠው ልጅ እንኳ ሦስት ቋንቋ አላት። አንቺ ያን ሁሉ ካሜራ ተሸክመሽ አንድ ብቻ።

የቀፊራውን ነገር መቼም አልረሳልሽም። ሀብሀብ በጣቴ እያንኳኳሁ ድምፁን ሰምቼ፣ ደህናዋን መርጬ፣ ጎኔ ያለው ወንበር ላይ አስቀመጥኳት። ቲንግ! ቲንግ! ቲንግ! ወንበሩ ክብደት ሲሰማው ሰው የተቀመጠ መስሎሻል። ደቻቱ ድልድይ እስክደርስ አላቆምሽም። በመጨረሻ ዳር ይዤ ወርጄ፣ የባጃጅ ልጆች ቆመው እያዩኝ፣ ለሀብሀቧ ቀበቶ አሰርኩላት። አንዱ መጥቶ በመስኮት አየና «ጋሼ፣ ስንት ወሯ ነው?» አለኝ።

ደግሞ የስኒው ነገር። ድሬ ላይ ከቀኑ ስምንት ሰዓት የማያዛጋ ፍጥረት የለም፤ ግመሉም ያዛጋል። አንቺ ግን በዚያች መሪው አካባቢ በተተከለች ካሜራሽ ዓይኔን እየጠበቅሽ፣ ትንሽ አፌን ከከፈትኩ የቡና ስኒ ሥዕል ታወጪያለሽ። እረፍት አድርግ፣ ቡና ጠጣ ማለትሽ ነው አሉ። ለሐረርጌ ሰው! ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች ማለት ይሄ ነው።

ደንገጎ ላይ ያደረግሽኝን ግን በሳቅ አላልፈውም። ወደ ሐረር እየወጣሁ፣ ጠመዝማዛው ላይ አንድ የጫት መኪና እንደ ልማዱ እየበረረ የኔን ግማሽ መንገድ ይዞ ከች አለ። እኔ ወደ ዳር ሳዞር፣ አንቺ መስመር ለቀቀ ብለሽ መሪውን ወደ መሀል ጎተትሽው። እኔና አንቺ ስንታገል እሱ ጥሩንባውን እየነፋ በስንዝር አለፈን። ወላሂ፣ እግሬ ሐረር እስኪገባ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ቤት ስገባ ስለ ዘርሽ አነበብኩ። ራሱን የሚነዳ መኪና ከ0 እስከ 5 ደረጃ አለው። 5 ማለት የትም፣ በየትኛውም አየር፣ ያለ ሹፌር የሚሄድ ነው፤ እንዲህ ያለው ገና የትም አይሸጥም። ሳን ፍራንሲስኮ ያለው ሹፌር አልባ ታክሲ 4 ነው፣ እሱም በተከለለለት ቦታ። (መጋላ በገበያ ቀን መጥቶ ይሞክረን እስቲ፣ ከፍየሉ ጋር።) አንቺ 2 ነሽ። ይህም ማለት መሪም ፍሬንም ትነኪያለሽ፣ ዓይን መትከሉና ጥፋቱ ግን የኔ ነው። ስንገዛሽ «ራሷን ትነዳለች» ብሎ የሸጠልን ሰውዬ ይቺን አልነገረንም። አንቺ ስትሳሳቺ ትራፊኩ መንጃ ፈቃድ የሚጠይቀው እኔን ነው።

ወሬም ታመላልሺያለሽ። ሆድሽ ውስጥ ሲም ካርድ እንዳለ የሰማሁት በቅርቡ ነው። ስልኬ ላይ መተግበሪያሽን ልጫን ብል የቻይና ስልክ ቁጥር ጠየቅሽኝ። ለካስ ወደኛ ከመላክሽ በፊት እዚያ በሰው ስም ተመዝግበሽ ኖሯል። እንግዲህ አንድ በዓይኑ አይቶኝ የማያውቅ ሰው ሐሙስ ከሰዓት የት በርጫ እንደያዝኩ ስልኩን ከፍቶ ማየት ይችላል። ባለቤቴ እንኳ ይሄን አታውቅም!

ዘመዶችሽም ያው ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2023 ሞዚላ ፋውንዴሽን የተባለ ድርጅት የ25 መኪና አምራቾችን የግል መረጃ አያያዝ ሲፈትሽ አንድም ያለፈ የለም፤ ሁሉም ወደቁ። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ጄኔራል ሞተርስ የደንበኞቹን አነዳድ፣ ፍሬን አረጋገጥ ሳይቀር፣ መረጃ ለሚነግዱ ሰጥቶ፣ ከነሱ ወደ ኢንሹራንሶች ደርሶ፣ ክፍያ የተጨመረበት ሹፌር ማን እንዳሳበቀበት ያወቀው በኋላ ነው። ቢ ኤም ደብሊውም በአንዳንድ አገሮች ወንበሩ ውስጥ ለተገጠመ ማሞቂያ በወር 18 ዶላር ገደማ ጠይቆ ነበር። ሰው ሲጮህበት ተወው። ድሬ መጥቶ ቢሆን ኖሮ ማን ይሰማዋል፤ እኛ ወንበር የምታሞቅ ፀሐይ በነፃ አለችን፣ ያውም ማጥፊያ የላትም። እኛም የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሚባል አለን። ላነብልሽ አስቤ ነበር፣ በምን ቋንቋ?

አጎቴ ሐረር፣ ሸዋ በር አካባቢ፣ እኔ ሳልወለድ የተሠራች ፔጆ 404 አለችው። ስንት ሙሽራ፣ ስንት እዳ ሸሽቶ የሚሄድ ሰው ጭናለች። አንድ ቀን ለማንም ትንፍሽ ብላ አታውቅም። ስትታመም ኮፈኗን ከፍቶ፣ ሁለት ሰድቧት፣ አንድ ቡሎን አጥብቆ ይነሳል። አንቺ ብትታመሚ ግን ላፕቶፕ የያዘ ልጅ ከአዲስ አበባ ልናስመጣ ነው።

በይ እንግዲህ፣ አሁን ስምንት ሰዓት ሆኗል፣ እያዛጋሁ ነው፣ ስኒዋን እንዳታወጪብኝ። ነገ ቀፊራ እንሄዳለን። ሀብሀቧን ገና ስጭናት አስራታለሁ፤ አንቺም አደራ።

የመኪናው ባለቤት ነኝ ባይ፣
ከሳቢያን፣ ድሬዳዋ