ማደንዘዣው ነርቭን አይገድልም

ስለ ጥርስ ማደንዘዣ ያነበብኩት ጽሑፍ ጸሐፊ መድኃኒቱ «ነርቩን ለጊዜው ይገድለዋል» ማለታቸው ለአንባቢ ቢቀልም ትክክል አይመስለኝም። የጥርስ ማደንዘዣው ሊዶኬይን የሚሠራው በነርቩ ሽፋን ላይ ያሉትን የሶዲየም ቻናሎች (ሶዲየም የሚያልፍባቸውን ጥቃቅን መግቢያዎች) በመዝጋት ነው፤ የኤሌክትሪክ ምልክት በነርቩ ላይ የሚጓዘው ሶዲየም በእነዚህ ቻናሎች ወደ ውስጥ ሲገባ ስለሆነ፣ መግቢያው ሲዘጋ ነርቩ ሕያው እንደሆነ መልእክቱ እዚያው ይቆማል።

ጽሑፉ ሳይነካው ያለፈው ዋና ነገር መድኃኒቱ ቻናሉን የሚይዘው ከውስጥ በኩል መሆኑ ነው። ቅባታማውን ሽፋን በቀላሉ የሚያልፈው የኤሌክትሪክ ቻርጅ የሌለው የመድኃኒቱ ክፍል ሲሆን፣ ከገባ በኋላ ግን ቻርጅ ይዞ ቻናሉን ይዘጋል። ባለፈው ክረምት እዚህ ጅማ ድዴ አብጦ መንጋጋ ጥርስ ሳስነቅል፣ ሐኪሟ አንድ ጊዜ ወግታኝ ጥቂት ከጠበቀች በኋላ ድዴን በመሣሪያ ጫፍ ነካ ስታደርገው ዘለልኩ፤ ከእብጠቱ ራቅ ብላ ዳግመኛ መውጋት ነበረባት። ያበጠ ሥጋ አሲድነቱ ስለሚጨምር ቻርጅ የሌለውና ሽፋኑን የሚያልፈው የመድኃኒቱ ክፍል ማነሱ ለዚህ አንዱ ምክንያት ነው። ጥርሱ ሲነቀል ሕመሙ ጠፍቶ የመጎተቱ ስሜት ብቻ የቀረውም (እኔ እንኳ ምክንያቱን እያወቅሁ ደንግጬ ነበር) ሕመም የሚያስተላልፉት ቀጫጭን የነርቭ ክሮች አብዛኛውን ጊዜ ከወፍራሞቹ ቀድመው ስለሚደነዝዙ ነው።

ደግሞም ቻናል የሚዘጋ መድኃኒት ሁሉ አያደነዝዝም። 4-አሚኖፒሪዲን የፖታሲየም ቻናልን ዘግቶ ምልክቱን ስለሚያራዝም፣ ማይሊን የተባለው ቅባታማ መጠቅለያቸው በተጎዳ ነርቮች ላይ መልእክቱ እንዲያልፍ ይረዳል፤ ለመልቲፕል ስክለሮሲስ (ማይሊን የሚጎዳበት የነርቭ በሽታ) ሕሙማን አረማመዳቸውን ለማሻሻል የሚሰጠውም ለዚሁ ነው።