የድመቷን ሣጥን ከእንግዳ ዓይን እንሸሽግ፣ ከእጃችን ግን አይራቅ

በጅማ ድመት ማኖር አዲስ ነገር አይደለም። ቡናና እህል በሚከማችበት ከተማ አይጥ አይጠፋም፤ አይጥ ባለበት ቤትም ድመት ባዕድ ሆና አታውቅም። አዲስ የሆነው የምትጸዳዳበት ቦታ ነው። ግቢ ባለው ቤት የጓሮው አፈር ይበቃት ስለነበር ቆፍራ ትጸዳዳለች፣ መልሳም ትቀብራለች፤ የቤቱ ሰው ስለ ጉዳዩ አንድም ቀን ሳያስብ ዓመታት ያልፋሉ። በኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ወይም በአንዲት የኪራይ ክፍል ውስጥ ግን ጓሮ የለም፤ አሸዋው፣ ሳፋው፣ የምግብ ሳህኑና የጥፍር መሳያ እንጨቱ ሁሉ አልጋው፣ ሶፋውና ረከቦቱ ባሉባት በዚያችው ክፍል መቀመጥ አለባቸው።

ለዚህ ችግር በውጭ አገር የተስፋፋው መፍትሔ የድመትን ዕቃ በሚያምር የቤት ዕቃ ውስጥ መሸሸግ ነው፤ ከውጭ ሲያዩት ኮመዲኖ ወይም አግዳሚ ወንበር፣ ውስጡ ግን የድመት መጸዳጃ የሆነ ሣጥን። ፎቶግራፉን በስልኩ ይዞ ወደ አናጢ የሚሄድ ሰው በእኛም ከተማ አይታጣም። ሐሳቡን እደግፋለሁ፤ ጠባብ ቤት ውስጥ የሚኖር ሰው እንግዳ በመጣ ቁጥር የሚያፍርበት ምክንያት የለም። ቅር የሚለኝ አብዛኞቹ ሥራዎች የሚታሰቡት ለእንግዳው ዓይን ብቻ መሆኑ ነው። የምትጸዳዳበት ድመትም፣ በየቀኑ የሚያጸዳውም የቤቱ ሰው በልኬቱ ውስጥ አልገቡም።

በአንድ ወዳጄ ቤት ያየሁትን ቡፌ ላንሣ። ከኤም ዲ ኤፍ የተሠራ፣ ነጭ ቀለም የተቀባ፣ ከታች በኩል ድመቷ የምትገባበት የግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ያለው ቀዳዳ የተበጀለት፣ ሲያዩት ደስ የሚያሰኝ ሥራ ነው። ይሁን እንጂ በር የለውም። ሳፋውን ለማውጣት የላይኛው ጣውላ መነሣት አለበት፤ ጣውላው ላይ ደግሞ ቴሌቪዥኑ ተቀምጧል። እናም ሳፋው የሚጸዳው ቴሌቪዥኑን የሚያነሣ ሰው በተገኘ ጊዜ ሲሆን፣ እስከዚያው ሽታውን የሚሸከመው ዕጣን ነው። የቡፌው የታችኛው ጠርዝ ሽንት ጠጥቶ አብጧል፤ ልባሱም ተላጥቷል። ኤም ዲ ኤፍ በሙጫ የተጣበቀ የእንጨት ብናኝ በመሆኑ እርጥበት ሲነካው ማበጡ አይቀርም፤ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ በሚዘንብባት ጅማ ደግሞ ያለ ድመትም ቢሆን ዕድሜው አጭር ነው።

ነገሩ የውበትና የሽታ ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባልጻፍኩበት። በ2012 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት በጅማ ከተማ 201 ነፍሰ ጡር ሴቶችን መርምሮ፣ 83.6 በመቶ በሚሆኑት ደም ውስጥ ቶክሶፕላዝማ ለተባለው ተውሳክ የተዘጋጁ ፀረ እንግዳ አካላት አግኝቷል። አብዛኛው የቆየ ልክፍት ምልክት ነው፤ ተውሳኩም በጥሬ ሥጋና በደንብ ባልታጠበ አትክልት ስለሚተላለፍ ድመትን ብቻዋን መውቀስ አይገባም። ያም ሆኖ በዚያው ጥናት ቤታቸው ድመት ያላቸው ሴቶች በተውሳኩ የመያዝ ዕድላቸው ከፍ ብሎ ታይቷል፤ በእርግዝና ወቅት ለመጀመሪያ ጊዜ የሚይዝ ከሆነም ፅንሱን ሊጎዳ ይችላል። ለእኛ ጉዳይ ዋናው ቁም ነገር ግን ይህ ነው፦ ተውሳኩ ከድመቷ ዓይነ ምድር ጋር እንደወጣ ወዲያውኑ አይዝም፤ ለመያዝ የሚበቃው ከ1 እስከ 5 ቀን ከቆየ በኋላ ነው። በየቀኑ የሚጠረግ ሳፋ አደጋው በእጅጉ የቀነሰ ሲሆን፣ ቴሌቪዥን እስኪነሣ የሚጠብቅ ሳፋ ግን የአደጋ ማቆያ ነው። ነፍሰ ጡር ባለችበት ቤት ጠረጋው የሌላ ሰው ድርሻ ይሁን፤ ሌላ ሰው ከሌለም ጓንት ማጥለቅና እጅን በሳሙና መታጠብ ግድ ነው።

ስለዚህ እንዲህ ያለ የቤት ዕቃ የሚመዘነው በአከፋፈቱ ነው። ሙሉ ፊቱ በማጠፊያ ተከፍቶ ሳፋው በአንድ እጅ ተስቦ የሚወጣ ከሆነ ጥሩ ሥራ ነው፤ ካልሆነ ግን የቱንም ያህል ቢያምር ገንዘብ አይገባውም።

ድመቷም የራሷ ፍላጎት አላት። ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ እንዲሉ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ብትኖርም መቆፈር፣ ዞር ማለትና መቅበር ትፈልጋለች። ሳፋው ከአፍንጫዋ እስከ ጭራዋ ሥር ካለው ርዝመቷ አንድ ተኩል እጥፍ ቢሆን ይመከራል፤ ይህም ለአማካይ ድመት 70 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው፤ በአብዛኛው ፎቶግራፎች ላይ የምናየው ኮመዲኖ ደግሞ ከዚህ በጣም ያንሳል። ጥብቅ ሣጥን ሽታን ከእኛ ሲያርቅ ለእርሷ ያጠራቅምባታል፤ በዚህ ጊዜ ሣጥኑን ትታ ምንጣፉን ትመርጣለች። ከጀርባው ሰፋ ያሉ የአየር ቀዳዳዎች ይበጁለት። የምግብ ሳህኑን እዚያው ሣጥን ላይ መደረብም ቦታ የሚቆጥብ ይመስላል እንጂ የትኛዋም ድመት አትወደውም።

ይህን ሁሉ የሚሠራ ሰው ፍለጋ ሩቅ መሄድ የለብንም። ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ የሚወጣው ባለ ሦስት እግር የጅማ በርጩማ በአገሩ ሁሉ የታወቀ ነው፤ ያንን የሚሠራ እጅ ባለበት ከተማ ከፎቶግራፍ ላይ የተቀዳ የኤም ዲ ኤፍ ሣጥን መግዛት፣ እውነቱን ለመናገር፣ ያሳዝነኛል። ዋንዛ ለሥራ የሚመች እንጨት ነው፤ ውስጡ በላሜራ ተለብጦ፣ ጠርዙ በቫርኒሽ ተደፍኖ ቢሠራ ሽንት አይጠጣም። ዋጋው ከፍ ይላል፤ ግን የሚበላሸውን ሁለተኛ ከመግዛት አይብስም።

የአሸዋውም ነገር ከአናጢው ቤት ይገኛል። ኤድዋርድ ሎው የተባለ አሜሪካዊ በ1947 እ.ኤ.አ. የደረቀ የሸክላ አፈር ለዚህ አገልግሎት መሸጥ እስኪጀምር ድረስ በዚያም አገር የተለመደው አሸዋ፣ አመድና ሰጋቱራ ነበር፤ ስለዚህ በሰጋቱራ መጠቀም የድህነት ምልክት ተደርጎ አይታይ። ቀለምና መርዝ ያልነካው፣ እንደ ዱቄት ያልደቀቀ ሰጋቱራ ይመረጥ። በጅማ እንደ ልብ የሚገኘውን የቡና ገለባ ግን አልመክርም፤ ካፌይን አለበት፣ ካፌይን ደግሞ ድመትን ይመርዛል።

አቀማመጡን በተመለከተ፣ ብዙ ሰው በሚሰግድበት ከተማችን ድመት በእስልምና እንደ ንጹሕ እንስሳ ስለምትታይ ቤት ውስጥ መዘዋወሯ አያስከፋም፤ ሽንቷ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ሣጥኑ ከመስገጃው ተቃራኒ ጥግ ቢሆን፣ አፉ ላይም ከመዳፏ ሰጋቱራ የሚያራግፍ ሸካራ ምንጣፍ ቢነጠፍ ይበጃል። ተከራዮች ደግሞ ከግድግዳ ጋር የሚመታ ሥራ አያሠሩ። አከራይ ግድግዳው እንዲበሳ አይወድም፣ ተከራይም ዕድሜ ልኩን አንድ ቤት አይቀመጥም፤ ራሱን ችሎ የቆመ ሣጥን ግን ከነሳፋው በባጃጅ ተጭኖ ወደ ሚቀጥለው ቤት ይሄዳል።