ሳላሚ በመርከብ፣ ቋንጣ በአውሮፕላን

ባለፈው ዓመት እናቴ ቶሮንቶ ልትጠይቀን ስትመጣ ቋንጣዋን ኤርፖርት ላይ ወሰዱባት። ሁለት ኪሎ ይሆናል። በጋዜጣ ጠቅልላ፣ በፌስታል አስራ፣ በነጠላ አልብሳ ሻንጣው ሥር የቀበረችውን ፈታሹ ጓንት አጥልቆ አንድ በአንድ ገለጠው፤ ሥጋ አይገባም አለና ወሰደው። በርበሬውና ሽሮው አለፉ። እሷ ግን ሳምንቱን ሙሉ ስለ ቋንጣው ነው ያወራችው። "እሱ እንኳ ቢበላው ደግ ነበር፣ ጣለው እኮ!" ትላለች። እኔ ደግሞ እንደ አዋቂ፣ "እማዬ፣ ፈረንጅ እኮ እንዲህ አያደርግም፣ ሥርዓት አለው" አልኳት። ይህቺን አባባሌን ያዙልኝ።

ከኛ ቤት ቀጥሎ የሚኖሩት አዛውንት ሴትዮ ጣሊያን ናቸው። በልቤ እማማ እላቸዋለሁ። (አዎ፣ ጣሊያን። አያቴ በሕይወት ቢኖር ቤት ቀይር ይለኝ ነበር።) እኛም ጎማ የሚጠግነውን ሰው ጎሚስታ፣ የአውቶብስ መቆሚያውን ፌርማታ እንደምንል የነገርኳቸው ቀን ሳቃቸው አላቆም ብሎ ነበር። የቋንጣውንም ጉድ ነገርኳቸው። አሁንም ሳቁ። ከዚያ ግባ አሉኝ፣ ቡና አፈሉና የራሳቸውን አወጉኝ።

እ.ኤ.አ. በ1954 ጥር ላይ ነው ከደቡብ ጣሊያን፣ ከካላብሪያ የመጡት፣ በሰባት ዓመታቸው። (ከዚህ በኋላ ያለው ዓመት ሁሉ በፈረንጅ ነው።) አባታቸው ቀድመው መጥተው ቶሮንቶ ግንባታ ላይ ይሠሩ ነበር። እናታቸው ሦስት ልጅ ይዘው፣ አንዱ ገና ጡት የሚጠባ፣ ናፖሊ ላይ ሳተርንያ የምትባል መርከብ ተሳፈሩ። መርከቧ ከመንደራችን ቤተ ክርስቲያን ትበልጥ ነበር አሉኝ። ጊብራልታርን እስክታልፍ ሁሉም ሰላም ነው። ነጭ የጠረጴዛ ልብስ፣ አስተናጋጅ፣ ማታ ማታ ሙዚቃ። እናታቸው በዕድሜያቸው ሌላ ሰው አቅርቦላቸው ሲበሉ ያኔ የመጀመሪያቸው ነበር። ቀጥሎ የጥር አትላንቲክ መጣ። ሳህኑ ከጠረጴዛው እየተንሸራተተ ይወድቃል፣ ኮሪደሩ ላይ ሰው ግድግዳ ይዞ ነው የሚሄደው፣ የሙዚቃው አዳራሽ ጭር አለ። እናታቸው አምስት ቀን ከአልጋ አልተነሱም። ልጆቹን ያበላው፣ የልጆቹን ልብስ ያጠበው፣ ከሌላ መንደር የመጣ፣ አይተውት የማያውቁት ቤተሰብ ነው። እስከ ዛሬ ዘመድ ናቸው።

ሳላሚው ታዲያ? (ሳላሚ የጣሊያን ቋንጣ በሉት።) ይዘውት የመጡት ሁለት ነበር። ካናዳ ሥጋ እንደማታስገባ ወሬው መርከቧ ላይ ደርሷል። በመጨረሻዋ ሌሊት ሴቶቹ ሁሉ ሥራ ያዙ። አንዷ ቀሚሷ ሥር፣ አንዷ ካፖርት እጅጌ ውስጥ ትሸሽጋለች። የእማማ እናት ሁለቱንም ከሕፃኑ ጋር አብረው ጠቀለሏቸው። ፈታሹ ሕፃኑን አየ፣ ጉንጩን ነካ አደረገና አሳለፋቸው።

"ፈረንጅ እንዲህ አያደርግም" ያልኩት ሰውዬ ቡናዬን ይዤ ዝም አልኩ።

ባለፈው ሐምሌ ልጆቼን ይዤ የእማማ መርከብ የደረሰችበት የወደብ ከተማ፣ ሃሊፋክስ ሄድኩ፣ ያ ፍተሻ የሆነበትን ቦታ ለማየት። ፒየር 21 ይባላል። ከ1928 እስከ 1971 አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው በዚያ በር ካናዳ ገብቷል፤ አሁን የስደተኞች ሙዚየም ሆኗል። መርከቦቹ በብርዱ ወራት ለምን ወደዚያ ይመጡ እንደነበር ቀላል ነው። ያኔ የሴንት ሎረንስ ወንዝ በረዶ ሲሠራ ወደ ኬቤክና ሞንትሪያል መውጣት አይቻልም ነበር። ሃሊፋክስ ግን ባሕሩ አይዘጋም። ስለዚህ ክረምት (እዚህ ክረምት ሲባል ዝናብ እንዳይመስላችሁ) የመጣ ቤተሰብ አገሩን መጀመሪያ የሚያየው በጣም በከፋው ሰዓቱ ነው። ወረፋ፣ የእንጨት አግዳሚ ወንበር፣ ሐኪም፣ ጥያቄ፣ ማኅተም፣ ከዚያ እዚያው አጠገቡ የቆመው ባቡር።

የእማማ እናት ከባቡሩ በፊት ዳቦ ገዝተው ነበር። ነጭ፣ የተቆራረጠ፣ ሲጫኑት እንደ ጥጥ የሚሟሽሽ። ኬክ መስሏቸው ቀመሱትና ለልጆቹ ሰጡት። (እኔም ስመጣ የመጀመሪያ ቅሬታዬ ዳቦው ነበር፤ የሰፈሬ ፉርኖ ትዝ አለኝ።) ከዚያ ሁለት ቀን ያህል በባቡር። በረዶና ዛፍ፣ በረዶና ዛፍ፣ አልፎ አልፎ በድንጋይ ሳይሆን በሳንቃ የተሠራ፣ የዶሮ ቤት የመሰላቸው ቤት። እናታቸው በመስኮት እያዩ "አገሩ መቼ ነው የሚጀምረው?" ይሉ ነበር አሉ።

እኔ የመጣሁት በአውሮፕላን፣ አንድ ቀን እንኳ ባልሞላ ጊዜ ነው። እንደማንኛውም ሐበሻ፣ ተቀባይ ዘመዴ ካፖርት ይዞ ቆሞ ጠበቀኝ። እያንዳንዱ ሃያ ሦስት ኪሎ የሆነ ሁለት ሻንጣ፣ ግማሹ በርበሬ። ሲያልበኝ የዋለው የቦሌ ሽኝት ላብ ገና አልደረቀም ነበር። ማታ ማኪያቶ አብሬው የጠጣሁት ሰው በማግስቱ "ደረስክ?" ብሎ ደወለ። የእማማ እናት ግን ደህና ገባን የሚለው ደብዳቤያቸው መንደር እስኪደርስ ስንት ሰው ስንት ሌሊት ሲያስብ እንዳደረ እግዜር ይወቀው።

ሙዚየሙ ውስጥ ሌላም ነገር አለ፣ እሱን አልወደድኩትም። ያ በር ለሁሉም እኩል አልተከፈተም። ቻይናዎች ከ1923 እስከ 1947 በሕግ ተዘግቶባቸው ነበር። በ1939 ሴንት ሉዊስ የምትባለው መርከብ ከናዚ የሸሹ ከዘጠኝ መቶ በላይ አይሁዶች ይዛ ስትንከራተት ካናዳ አልቀበልም ብላለች። ለቆዳ ቀለም ቦታ የሚሰጠው ደንብ መላላት የጀመረው በ1962 ነው፣ ሰውን በትምህርቱና በሙያው የሚመዝነው የነጥብ ሥርዓት የመጣው በ1967፣ ፒየር 21 የተዘጋው በ1971። ደምሩት እንግዲህ። በሩ ለኛ ዓይነቱ ሰው ገርበብ ሲል መርከቡ ሥራ ሊያቆም ተቃርቦ ነበር። የኛ ሰው በብዛት መምጣት የጀመረው በደርግ ጊዜ ነው፣ ብዙው በእግሩ ሱዳን ገብቶ፣ ካርቱም ላይ ዓመት ጠብቆ።

በኛ አማርኛ ደግሞ "በባሕር ሄደ" ሲባል ነጭ የጠረጴዛ ልብስ ለማንም አይታየውም። የሚታየው የሶማሊያው ቦሳሶ ነው፣ የጅቡቲው ኦቦክ ነው፣ የሊቢያ ዳርቻ ነው። ድምፅ ቀነስ ተደርጎ ነው የሚወራው። እዚያ ሙዚየም የመርከብህን ስም ስትነግራቸው ፎቶዋን ፈልገው ያወጡልሃል። የሳተርንያን ፎቶ እኔም አሳትሜ ገዛሁ። ሠራተኛዋ እያተመችልኝ፣ በጎማ ጀልባ የሄዱትን የሰፈሬን ልጆች አሰብኩ። የጀልባዋን ስም ማን ይጠራል? ስምስ ነበራት? ልጄ "አባዬ ምን ሆንክ?" አለችኝ። ምንም አልኳት።

ፎቶውን ለእማማ ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ብዙ አዩት፣ የተኙባትን ክፍል መስኮት ፈልገው አጡት። ጎልማሳው ልጃቸው አጠገባቸው ነበር። ደግ ሰው ነው፣ በረዶዬን ይጠርግልኛል። ግን "አሁን የሚመጡት በዙ፣ አንድ ቤት ውስጥ ሦስት ቤተሰብ" ማለት ይወዳል። እማማ ቀና ብለው "እኛ አራት ነበርን፣ ቤዝመንቱን ሳልቆጥር" አሉት። በየመስከረሙ እኮ ጋራዣቸው ውስጥ የቲማቲም ድልህ ሲያፈሉ ሰፈሩ ሁሉ ይሸታል። እኔ ጋራዥ ውስጥ እንጀራ ስጋግር ጎረቤት ምን ይለኝ ይሆን ብዬ በሩን ዘግቼ፣ በጭስ እየታፈንኩ ስንት ዓመት ነው! አሁን ከፍቼ ነው የምጋግረው።

ማታ ለእናቴ ደወልኩ። የሕፃኑንና የሳላሚውን ታሪክ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኳት። ዝም አለች። የተቋረጠ መስሎኝ "ሃሎ?" አልኩ።

"እየሰማሁህ ነው" አለች። "እና አሁን የእህትህን ልጅ ይዤ ልምጣ ነው የምትለኝ?"