ጌታ የተቆጡበት ልብ ወለድ

ገና ሊገባ ጥቂት ቀን ሲቀረው ነው። ድሬዳዋ፣ ከዚራ፣ ዛፍ ሥር፣ የለመድናት ጀበና ቡና ጋ ተሰብስበናል። ፋርማሲ የምትሠራው ልጅ ስልኳ ላይ አቀርቅራ ብቻዋን ፈገግ ትላለች። ከምድር ባቡር ጡረታ የወጡት ጋሼ ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር አይተው አያልፉም።

«ምንድን ነው የሚያስቅሽ?»

«ልብ ወለድ ነው ጋሼ። የገና የፍቅር ታሪክ።»

ነገር ተጀመረ።

ታሪኩን ባጭሩ ነገረችን። ቦታው ስኮትላንድ ነው፤ ሁሉም ሰው የሚተዋወቅባት ትንሽ ደሴት። አንዲት ከተሜ የሟች አያቷን ቤት ልትሸጥ ትመጣለች። ማዕበል ይነሣና ጀልባው ይቀራል። ቤቱን የሚጠግን ዝምተኛ አናጢም አለ። የቀረውን ታውቁታላችሁ።

ጋሼም አወቁት። «ይጋባሉ!» አሉ፣ ሌባ እጅ ከፍንጅ እንደያዘ ሰው። «መጨረሻው ከመጀመሪያው የሚታወቅ ነገር ምኑ ይነበባል? ፍቅር ማለት በዛብህና ሰብለ ወንጌል ናቸው። ይሄ ከረሜላ ነው።» መጽሐፉን አንድ ገጽ እንኳ አላዩትም። ፍርዱ ግን ተሰጠ። ሰው ካልሞተ ፍቅሩ አይቆጠርም ማለት ነው።

«በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ!» አለቻቸው እየሳቀች።

አጠገባቸው የተቀመጠው መምህር ደገፋቸው። «ሕዝቡ በኑሮ ውድነት እየነደደ…» ብሎ ጀመረ። ይህቺን ነገር ለኳስም ይላታል፣ ለሠርግም ይላታል፣ ቡናው ስኳር ሲያንሰውም ይላታል። ቀጠለና «የፈረንጅ ገና ንግድ ነው» አለ።

ልጅቷ ዋዛ አይደለችም። ስኮትላንድ ውስጥ ገና የሕዝብ በዓል የሆነው በ1958 ነው አለች። ከዚያ በፊት ቤተ ክርስቲያናቸው በዓሉን ስለማትወድ ብዙ ሰው በገና ቀን ሥራ ይገባ ነበር። ጋሼ ከበርጩማቸው ብድግ አሉ። «1958! ፍቅር እስከ መቃብር የታተመበት ዓመት!» የእሷ 1958 በፈረንጅ አቆጣጠር መሆኑን እስክናስረዳቸው ሁለተኛው ቡና ቀረበ። የንግዱ ክርክር እዚያው ተረሳ። መምህሩም አላነሣው።

«እሺ ጋሼ፣ ይቺን ብቻ ይስሙኝ» አለች። ጀልባው ስለቀረ የደሴቷ ብቸኛ ሱቅ ዳቦ ያልቅበታል። ባለሱቋ የተረፈውን ዱቄት በኩባያ እየሰፈረች ለየቤቱ ትልካለች። ለከተሜዋም ደረሳት፤ በወረቀት ተጠቅልሎ፣ ስሟ በእርሳስ ተጽፎበት። እሷ ግን ስሟን ለማንም አልነገረችም።

ጋሼ ዝም አሉ። ከዚያ ቀስ ብለው «ባቡሩ ሲቀር እኮ እኛም…» አሉና ስለ ለገሃር ሊያወሩ ሲሉ መምህሩ ገላመጣቸው። «ቢሆንም ከረሜላ ነው!» ብለው ተመለሱ።

እኔ እዚህ ጋ ፈረድኩ። ድሬ በ1895 ዓ.ም. ባቡር ስለደረሰ የተወለደች ከተማ ናት። ጀልባ የምትጠብቅ ደሴት ለድሬ ሰው ካልገባችው ለማን ትግባው? መጋባታቸውንማ ሁላችንም አውቀናል። ዱቄቱ ላይ ስሟ እንደሚጻፍ ግን ማናችንም አልጠበቅንም፤ የሚነበበውም ለዚህ ነው። በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ!

ደግሞ እነዚያ ደሴቶች ጨዋታ ያውቃሉ። ኦርክኒ በሚባሉት የስኮትላንድ ደሴቶች ውስጥ ኪርክዎል የምትባል ከተማ አለች። በገና ቀንና በአዲስ ዓመታቸው ሰዉ ለሁለት ተከፍሎ በየመንገዱ አንዲት ኳስ ይዞ ይጋፋል። ባለሱቆቹ መስኮታቸውን በሳንቃ ይከልላሉ። የእኛው የገና ጨዋታ ነው እኮ! በቆልማማ ዱላ ሩር የሚያሳድድ ልጅ ከዚራ ላይ ወይ መጋላ መቼ አያችሁ? ጨዋታው ጠፍቶ የሚቆጣው ጌታ ብቻ ቀረልን።

አሁን ፊቱን ያኮሳተረ ሁሉ አዋቂ ነው። ለልቅሶ ድንኳን አለን፣ እድር አለን፣ ወንበር አለን፤ ድንኳን ውስጥ ተቀምጦ «ሕዝቡ እየነደደ» የሚል የለም። ቀኑን ሙሉ ቆማ «ይሄ መድኃኒት የለም፣ ያኛው ጨምሯል» ስትል የዋለች ልጅ ማታ ደስ የሚል ነገር ስታነብ ግን ችሎት ይቀመጥባታል። ወንዱ ሁለት ሰዓት ሙሉ ኳስ ላይ ሲጮህ ከረሜላ ያለው ማን ነው? የበዓል ፕሮግራም እንኳ ሰውን አቁሞ የሚጠይቀው የበግ ዋጋ ነው።

መምህሩማ ይቅር። የቱርክ ድራማ ካላየ አይተኛም፤ ማን ማንን እንደሚያገባ በመጀመሪያው ክፍል የሚታወቀውን። የነገረችን ሚስቱ ናት። ሲያለቅስም አይታዋለች።