ለአቶ እንቅልፍ፤ ባሉበት

ጉዳዩ፦ ኮት ሰቅሎ ከሥራ መጥፋትን ይመለከታል

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ማደሩንስ አድራለሁ፤ መተኛቱ ነው የቀረኝ።

አገር ለቀው ቢሆን ኖሮ ባልከፋኝ። ደብረ ማርቆስ ውስጥ እንዳሉ ግን በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ። ባለቤቴ ጋ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ ይደርሳሉ። የመምህራን ስብሰባ ላይ ቃለ ጉባኤው ተነቦ ሳያልቅ የፊት ወንበር ይዘው ይገኛሉ። ባለፈው አዲስ አበባ ስሄድ ደግሞ፣ ከደጀን ዓባይ በረሃ ወርደን ጎሃ ጽዮን እስክንወጣ፣ ያን ሁሉ ጠመዝማዛ፣ አውቶቡሱን ሙሉ አስተኝተውት ነበር። የነቃነው ሹፌሩና እኔ ብቻ ነን፤ እሱስ ደመወዝ ይከፈለዋል።

ሕመሜ ስሙ እስኪታወቅ ድረስ ስም አልጠፋለትም። አማቴ «ብርድ ነው፤ የጮቄ ነፋስ ነው የገባብሽ» አሉ። ጎረቤቶቼ ቁርጥማት፣ ምች፣ አንዷ ደግሞ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ዓይን» አለችኝ። (ሌላው አገር ጎጃሜን ይፈራል፤ ጎጃሜው በማን ያሳብብ?) ዳማከሴ ተጨመቀልኝ፣ ፌጦ በሎሚ ተበጠበጠልኝ። ደም ሰጠሁ፣ ራጅ ተነሣሁ፤ «ነጻ ነሽ» ተባልኩ። በመጨረሻ አንድ ሐኪም ትዕግሥት አግኝቶ ሰማኝና ካርዱ ላይ «ፋይብሮማያልጂያ» ብሎ ጻፈ፤ መላ ሰውነትን እያመመ የሚያዝል፣ የሚከርም ሕመም ነው። ድሮ፣ በ1990 እ.ኤ.አ. በወጣው መስፈርት፣ ከ18 የሰውነት ነጥቦች 11ዱ ሲጫኗቸው ካመሙ ነበር በሽታው አለ የሚባለው። በ2010 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ሩማቶሎጂ (የመገጣጠሚያና የጡንቻ ሕመም ሕክምና) ኮሌጅ አዲስ መስፈርት ሲያወጣ ግን ነጥብ መቁጠሩን ተወና የሕመሙን መዛመት፣ ድካምን፣ የሐሳብ መፍዘዝንና ተኝቶ ሳይታደሱ መነሣትን መመዘን ጀመረ። ስምዎ ክስ መዝገብ ላይ የሰፈረው ያኔ ነው።

«እኔ ምን ላድርግ፣ ሕመሙ ነው ያላስገባኝ» እንደሚሉ አውቃለሁ። ምስክር አለኝ። በ1975 እ.ኤ.አ. ቶሮንቶ ላይ ሃርቪ ሞልዶፍስኪና ባልደረቦቹ ጤነኛ ሰዎችን አስተኝተው፣ ጥልቁ እንቅልፍ ውስጥ በገቡ ቁጥር በድምፅ ይረብሿቸው ጀመር። ምንም ያልነበረባቸው ሰዎች ጥቂት ሌሊት እንዲህ እንዳደሩ እንደኔው ሰውነታቸውን እያመማቸው፣ ዝለው ተነሡ። እንግዲህ ሕመሙ እርስዎን ያባርራል፣ እርስዎ በመቅረትዎ ሕመሙን ያደልባሉ። ተመሳጥራችኋል!

እነዚሁ ተመራማሪዎች ሕመምተኞቹን ሲመረምሩ ያገኙት ደግሞ የባሰ ነው፤ በጥልቁ እንቅልፍ መሃል የንቃት ጊዜ የአንጎል ሞገድ ሰርጎ ይገባል። በእኛ ቋንቋ፣ ጠዋት ፈርመው፣ ኮትዎን ወንበር ላይ ሰቅለው ይወጣሉ ማለት ነው። የሚጠይቅ ቢመጣ «አሁን እዚህ ነበሩ» ይባላል። ባለቤቴም «ስትተኚ አይቼሻለሁ» ይለኛል። ያየው ኮቱን ነው። እኔ ስነሣ ሌሊቱን አውድማ ላይ ከበሬ ጋር ስዞር ያደርኩ ነው የምመስለው።

እርስዎ ሲጠፉ ሐኪሙ ተጠባባቂ መደበልኝ፦ አሚትሪፕቲሊን። ከመድኃኒት ቤቱ መስኮት ፊት ሰልፉ ረጅም ነበር። ባለሙያው ወረቀቱን አየና አንገቱን አውጥቶ «የድብርት መድኃኒት የማን ነው?» አለ። የኔ ነው እንዴት ልበል! በሰልፉ ውስጥ የሁለት ተማሪዎቼ እናቶች አሉ። ለድብርት የሚሰጠው መጠን ከዚህ ብዙ እጥፍ እንደሚበልጥ፣ ለኔ የታዘዘው ትንሹ መጠን ሕመምና እንቅልፍ እንዲያስተካክል እንደሆነ ለሰልፉ ሁሉ ማስረዳት አልቻልኩም። ማታ ቡና ላይ ወሬው ቀድሞኝ ተገኝቷል፤ «አይዞሽ እቴ፣ አታስቢ» ተባልኩ።

የታዘዘልኝ 10 ሚሊግራም ጠፋና ባለ 25ቱን ግማሽ እንድውጥ ተነገረኝ። ግማሽ ማለት በአፍ ይቀላል። ክኒኑ ከምስር ብዙም አይበልጥ፣ ላዩም የተለበጠ ነው፤ የሽንኩርት ቢላዋ ሲያርፍበት አንደኛው ግማሽ ትሪው ላይ ይቀራል፣ ሌላኛው አልጋ ሥር ይበራል። በስልክ መብራት፣ በዚህ ወገብ፣ በሆዴ ተኝቼ እሱን ስፈልግ እርስዎ በበር በኩል ብቅ ቢሉ እንኳ ደንግጠው ይመለሳሉ። ተጠባባቂው ደግ ሰው ነው፣ አልዋሽም፤ ቢያንስ ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ ጣሪያ ከመቁጠር ገላግሎኛል። ግን ደመወዙን በዓይነት ይወስዳል። አፌ ይደርቃል፣ ሆዴ ይታሰራል፣ የአንደኛ ክፍለ ጊዜ ተማሪዎቼም ጠመኔ ይዛ የዕለቱን ቀን የጠፋባትን መምህር ያያሉ። ሐኪሙ መኝታ ላይ መሆኑ ቀርቶ ሁለት ሰዓት ያህል ቀደም ብዬ እንድወስደው ካደረገኝ ወዲህ ጠዋቱ ትንሽ ቀሎልኛል።

ሌሎች አመልካቾችም ነበሩ። ፕሪጋባሊን በ2007 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ለዚህ ሕመም መጀመሪያ የፈቀደችው መድኃኒት ነው፤ ዋጋውን ጠይቄ አመስግኜ ወጣሁ። ዳያዜፓም ደግሞ አንዲት ጎረቤቴ ከራሷ ፍሬ ልትቆርስልኝ ነበር። ሐኪሙ በቁጣ ከለከለኝ፤ ያስተኛል እንጂ ጥልቁን እንቅልፍ ይቀንሳል፣ አንዴ ከለመዱትም መላቀቁ ጭንቅ ነው አለኝ።

ቡናው ላይ ጥፋቱ የእርስዎ ብቻ እንዳልሆነ አምናለሁ። ግን እርስዎ የጎጃም አማት አያውቁም። ካፌይን ግማሹ እንኳ ከሰውነት ለመውጣት አምስት ሰዓት ገደማ ይፈጃል፤ ማታ 11 ሰዓት የጠጣሁት ስኒ 4 ሰዓት ላይ ገና ግማሹ ከኔ ጋር ነው። ይህን ለአማቴ ብነግራቸው «በረካውን ትተሽ ልትነሽ?» ብለው ሦስተኛውን ቀዱልኝ። አጎቴ በበኩሉ «አንድ መለኪያ አረቄ ነው መድኃኒቱ» ይላል። አረቄ እርስዎን በአንገትዎ ይዞ ያመጣዎታል፣ እኩለ ሌሊት ላይ መልሶ ያባርርዎታል፤ ከክኒኑ ጋር ሲደመር ደግሞ ጭራሽ አደጋ ነው። አጎቴ ግን ታሞ ስለማያውቅ ልምዱ ይከበራል።

በ2017 እ.ኤ.አ. የአውሮፓ የሩማቲዝም ሐኪሞች ባወጡት መመሪያ ከሁሉ አጥብቀው የመከሩት አንድ ነገር ነው፤ የአካል እንቅስቃሴ። ስለዚህ ከትምህርት ቤት መልስ ቀስ እያልኩ እስከ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ደርሼ እመለሳለሁ። ሠፈሩም ደጅ ቁጭ ብሎ «ስትሄድ እኮ ምንም አትመስል» ይላል። ብተኛ «ሰነፈች» ልባል፣ ብሄድ «ድናለች» ልባል!

ስለሆነም ስምንት ሰዓት አልጠይቅም፤ እሱን ለባለቤቴ ይተዉለት። ከአምስት እስከ ስምንት ሰዓት ሌሊት ያለውን ኮትዎን ለብሰው፣ በር ዘግተው፣ ሙሉውን እንዲሠሩልኝ በአክብሮት አመለክታለሁ።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለአሚትሪፕቲሊን፦ ከሐኪም ትእዛዝ ውጪ በድንገት ስለማይሰናበቱ በተጠባባቂነት እንዲቀጥሉ፤
ለአማቴ፦ በረካው ጠዋት እንዲሆን፤
ለጎረቤት አውራ ዶሮ፦ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነግቷል ብሎ ያሳወቀው ማንን አስፈቅዶ እንደሆነ በጽሑፍ እንዲያስረዳ።