ጨፌውን ከማድረቃችሁ በፊት ጭቃው ይውጣ

ባለፈው ሳምንት እዚ ጅማ ስለ ከተማው ልማት በተጠራ አንድ ስብሰባ ላይ አንድ ኃላፊ የተናገሩት ነገር እስካሁን ከጭንቅላቴ አልወጣም። ከከተማው ወጣ ብሎ ያለ አንድ ረግረግ፣ እኛ ጨፌ የምንለው፣ ቦይ ተቀዶለት ሊደርቅና ለወጣቶች ሊሰጥ ታስቧል፣ እሱ እንኳን አዲስ ነገር አይደለም። አንድ ልጅ ተነስቶ "ከመድረቁ በፊት ከጭቃው ናሙና ይወሰድ፣ የብዙ ሺህ ዓመት የአየር ንብረት ታሪክ አለበት" ሲል ግን የተሰጠው መልስ "ከሺህ ዓመት በፊት የዘነበ ዝናብ ለኛ ምን ሊረባን? ሜትሮሎጂ አለን፣ ይበቃናል፣ ጭቃ መቆፈር ቅንጦት ነው" የሚል ነበር። አዳራሹ አጨበጨበ። እኔን ያበገነኝ ከንግግሩ ይልቅ ጭብጨባው ነው።

ሜትሮሎጂ ይበቃናል? ይሄ እኮ ከተባሉት ሁሉ ደካማው ክርክር ነው። በአገራችን ረጅሙ የዝናብ መዝገብ የአዲስ አበባው ሲሆን እሱም ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ወዲህ ያለውን ብቻ ነው የሚያውቀው፣ በየከተማው ያሉት ጣቢያዎች ደግሞ አብዛኞቹ እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ ወዲህ የመጡ ናቸው፣ መሀል ላይ የተቋረጡም ሞልተዋል። በዚች በአንድ ሰው ዕድሜ ልክ በሆነች መዝገብ ተማምነን ነው እንግዲህ ግልገል ጊቤን የሚያህል 184 ሜጋ ዋት ግድብ የምንገነባው፣ ለልጅ ልጅ የሚተርፍ ቡና የምንተክለው። መቼ መቼ ዝናብ እንደጠፋ፣ ሲጠፋስ ለስንት መቶ ዓመት እንደቆየ መዝገቡ ምንም አይነግረንም፣ ሊነግረንም አይችልም፣ ያኔ ሚዛን ይዞ ዝናብ የሚለካ ሰው አልነበረማ!

ጣና ደርቆ ያውቃል። አዎ፣ ጣና። ተመራማሪዎች ከሐይቁ ወለል ሥር ባወጡት ደለል መሠረት፣ ከ17 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ዛሬ ጀልባ የሚሄድበት መሀል ሐይቅ ደረቅ መሬት ነበር፣ ውሃው መመለስ ሲጀምር ደግሞ መጀመሪያ የተፈጠረው ደንገል የበዛበት ረግረግ ነው። ያ የረግረግ ቅሪት ነው ጉዳዩን ያወጣው። በተቃራኒው ደግሞ ዝዋይ፣ ላንጋኖ፣ አብያታና ሻላ አንድ ትልቅ ሐይቅ የነበሩበት፣ ሞልተው ወደ አዋሽ የፈሰሱበት ጊዜ ነበር። ከዚያ ከ5 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ዝናቡ ሸሸ። ባሌ ላይ ከጋርባ ጉራቻ ሐይቅና ከታምሳ ረግረግ ነፍሳቸውን ይማርና ፕሮፌሰር መሐመድ ኡመርና ባልደረቦቻቸው ካወጡት ጭቃ የጋርባ ጉራቻው ከ16 ሺህ ዓመት በላይ ወደ ኋላ ይሄዳል፣ ተራራው ላይ በረዶው ቀልጦ ሲያልቅ ምን እንደበቀለ፣ አየሩ ሲደርቅ ጥዱና ዝግባው እንዴት እንደተስፋፋ ደረጃ በደረጃ ያሳያል። ይሄ ነው ቅንጦት የተባለው።

ጭቃው እንዴት ነው ይሄን ሁሉ የሚይዘው ለሚል ሰው ነገሩ ከባድ አይደለም። ቆጮን ጉድጓድ ውስጥ ቀብረን አየር ስንከለክለው ለወራት ሳይበላሽ እንደሚቆየው፣ ጨፌውም ውሃ እስከጠገበ ድረስ ኦክስጅን ስለማይገባው የሞተው ቅጠልና ሥር በወጉ አይበሰብስም፣ ዓመት በዓመት አንዱ ባንዱ ላይ ይደረባል። ፈረንጆቹ ፒት የሚሉት ይሄን ነው፣ በአማካይ በዓመት አንድ ሚሊ ሜትር አካባቢ ቢጨምር ነው። ስለዚህ አንድ ሜትር ጭቃ ማለት ሺህ ዓመት ገደማ ማለት ነው። ለቡና ወለሉ ላይ የምንጎዘጉዘው ቄጤማ ራሱ፣ ሳይታጨድ የቀረው፣ እዛው ወድቆ እዛው ነው የሚደረበው።

አወጣጡን ያየ ሰው ደግሞ ቅንጦት የሚለው ቃል አፉ ላይ አይመጣም። ሁለት ሦስት ሰው ሆኖ ጉልበት ድረስ ጭቃ ውስጥ ተገብቶ ግማሽ ሜትር የምታህል ግማሽ ክብ የብረት ቱቦ በእጅ ወደ ታች ትገፋለች፣ ዞር ትደረጋለች፣ ትሳባለች፣ በቃ። ስትከፈት የበሰበሰ እንቁላል ይሸታል፣ ላዩ ላይ ገና ሥሩ የሚታይ ቡናማ ነገር፣ ዝቅ ሲል ጥቁር ቅባት የመሰለ፣ መሀል መሀል ላይ ደግሞ የጥቁር ከሰል ብናኝ። ከሰሉ ጫካ የተቃጠለበት ጊዜ ነው። ከዚያ በፕላስቲክ ተጠቅልሎ፣ ጥልቀቱ ተጽፎበት ፍሪጅ ይገባል። ላብራቶሪ ላይ በአሲድ ታጥቦ የቀረው በማይክሮስኮፕ ይታያል፣ በየዘመኑ ምን እንደበቀለ የሚናገረው የአበባ ብናኝ ነው፣ ቅርፊቱ በጣም ጠንካራ ስለሆነ ሺህ ዓመታት ይቆያል፣ የዝግባ ብናኝ ለምሳሌ በግራና በቀኝ ሁለት የአየር ከረጢት ስላለው አያሳስትም። ለአንድ ናሙና ሦስት መቶ አራት መቶ ፍሬ አንድ በአንድ ይቆጠራል፣ ዕድሜው በካርበን 14 ይለካል። ስዊድናዊው ሌናርት ፎን ፖስት ይሄን የብናኝ ቆጠራ ለዓለም ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1916 ነው። መቶ ዓመት ያለፈው ጥበብ ነው፣ እኛ ገና "ምን ይረባናል" ላይ ነን።

የቡና አገር ሰዎች ነን። የቡናው ብናኝ ራሱ ጭቃ ውስጥ ብዙም አይገኝም፣ ነገር ግን ቡናው ከጥላው ሥር የሚኖርበት የጫካው ብናኝ ይገኛል። ጅማና ከፋ ላይ ዝናብ ሲቀንስ የትኛው ዛፍ ቀድሞ ሄደ፣ የቱ ቆየ፣ ጫካው ተመልሶ ለመቆም ስንት ዘመን ፈጀበት? ይሄን የማያውቅ ሰው ስለ ቡና የወደፊት ዕጣ ፈንታ በየመድረኩ ባይናገር ደስ ይለኛል።

አሁን ዋናው ነገሬ ላይ ልምጣ፣ ምክንያቱም ሰው "ይሁን፣ ሌላ ጊዜ ይጠናል" እያለ ሲያልፈው ነው ደሜ የሚፈላው። ሌላ ጊዜ የለም። ቦዩ ተቀዶ ውሃው በወረደ ቀን ኦክስጅን ይገባል፣ ኦክስጅን ሲገባ ለሺህ ዓመታት የቆየው መበስበስ ይጀምራል፣ መጀመሪያ የሚሄደው ከላይ ያለው ነው፣ ማለትም የቅርቡ፣ የአያት ቅድመ አያቶቻችን ዘመን፣ እኛን በጣም የሚመለከተን። ብናኙም ይበላሻል፣ መሬቱም ይሰምጣል። ኮንጎን ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመው ጥናት እዛ ጫካ ውስጥ 145,500 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሸፍን ፒት እንዳለና 30 ቢሊዮን ቶን ገደማ ካርበን እንደያዘ አሳየ። በ2022 ደግሞ ሌላ ነገር ወጣ፣ ከ5,000 እስከ 2,000 ዓመት በፊት ባለው ጊዜ አየሩ እየደረቀ የውሃው ልክ ስለወረደ፣ ከ7,500 ዓመት በፊት ጀምሮ ተጠራቅሞ የነበረው ፒት በብዛት በስብሶ ጠፍቷል፣ ከአምስት ሺህ ዓመት በላይ የሆነ ታሪክ ውስጥ የተረፈው ጥቂት ነው። እዛ ያንን ያደረገው ድርቅ ነው። እዚ ግን እኛው ራሳችን በስካቫተር፣ በሁለት ሳምንት፣ በጀት መድበን! ካርበኑም አየር ላይ ነው የሚወጣው፣ ከዓለም የብስ 3 በመቶ ብቻ የሚሆነው የፒት መሬት ከአፈር ካርበን ሲሶውን ያህል መያዙን ለሚያውቅ ሰው ይሄ ራሱን የቻለ ጥፋት ነው።

እዚሁ ጅማ ቦዬና ቂጦ አካባቢ ያሉት ጨፌዎች እንደ አየርላንድ ጥልቅ ፒት ናቸው አላልኩም፣ ሸክላ አፈር ይበዛባቸዋል፣ ለዛም ነው ጡብ ሠሪው የሚቆፍራቸው። ውሃ የጠገበ ሸክላ ግን ብናኝ ይይዛል፣ ቄጤማው የተደራረበበት ቦታ ላይ ደግሞ የበለጠ ይይዛል። የት የት እንዳለ ሳይታወቅ ነው ወይ ጡብ የሚሆነው? ባህር ዛፍ የሚተከልበት?

ስለ ወጣቶቹ ሥራ ልትነግሩኝ ትፈልጋላችሁ፣ አውቃለሁ። ሥራ ያስፈልጋቸዋል። ጎረቤታችን ኢሉባቦር ላይ ግን ለበቆሎ ተብለው ከልክ በላይ የተንጣፈፉ ረግረጎች ከጥቂት ዓመት በኋላ ምርታቸው ወርዶ ለግጦሽ እንኳ የማይረቡ ሆነው ቀርተዋል። ለወጣት የሚሰጠው ይሄ ነው እንዴ? አራት አምስት ዓመት አርሶ የሚተወው መሬት?

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ቦዩ ከመቀደዱ በፊት ከጨፌው መሀልና ከዳሩ እስከ ታች ወለሉ ድረስ ናሙና ይውጣ፣ ተማሪዎቹ አሉ፣ መሣሪያው በእጅ የሚያዝ ነው፣ የሚያስፈልገው ጀልባ ወይ ጣውላ፣ ፕላስቲክና ማቀዝቀዣ ክፍል ነው። ጥልቅ የሆነው ክፍል ተለይቶ ውሃው እንዳይነካ በካርታ ላይ ይከለል። እኚያ ኃላፊም "ይበቃናል" ያሉትን ሜትሮሎጂ ይዘው ይምጡና የዛሬ 300 ዓመት ጅማ ላይ ክረምቱ ስንት ወር እንደነበረ በሚቀጥለው ስብሰባ ይንገሩን፣ ማይኩ ያው እጃቸው ላይ ነው። መናገር ካልቻሉ ስካቫተሩ ባለበት ይቁም።