ቤተሰብ ይዞ ወደ ጀርመን ለሥራ የሚሄድ ሰው የትኛውን የጤና መድን ይያዝ?

በጀርመን ተቀጣሪ ሁሉ የጤና መድን እንዲኖረው ሕግ ያስገድዳል። የዓመት ደመወዙ በሕግ ከተወሰነው ጣሪያ (እ.ኤ.አ. በ2025 73,800 ዩሮ ነበር) በላይ የሆነ ተቀጣሪ የሕዝቡን መድን፣ ማለትም ክራንከንካሴን፣ ወይም የግል መድንን መምረጥ ይችላል። ክርክሩ ይህ ምርጫ ስላላቸው ኢትዮጵያውያን ሐኪሞችና መሐንዲሶች ነው።

የሕዝቡን መድን የሚደግፉ፦ በክራንከንካሴ መዋጮው የሚሰላው ከደመወዝ ነው። መሠረታዊው 14.6 በመቶ ሲሆን ግማሹን አሠሪው ይከፍላል፤ ቋንቋ እየተማረች ገና ሥራ ያልጀመረች ሚስትና ሦስት ልጆች በዚያው መዋጮ ያለ ጭማሪ ይታከማሉ። በግል መድን ግን ለእያንዳንዱ ነፍስ የየራሱ ዓረቦን፣ ማለትም የመድን ክፍያ፣ አለ። ይባስ ብሎ ኩባንያው ከመቀበሉ በፊት የጤና ታሪክ ስለሚጠይቅ፣ አስም ያለበት ልጅ ዓረቦን ሊጨመርበት ወይም ጨርሶ ሊከለከል ይችላል።

የግል መድንን የሚደግፉ፦ ስለ መዋጮው ያሉትን አልክድም። ሆኖም የታመመ ልጅ ያላት እናት ከሁሉ በፊት የምትፈልገው ሐኪም ነው። እኅቴ ለልጇ የአለርጂ ምርመራ አራት ወር ስትጠብቅ አይቻለሁ፤ ለግል ታካሚ ሐኪሙ የተሻለ ክፍያ ስለሚያገኝ ቀጠሮው ይፈጥናል። በውል የተገባውን አገልግሎትም ኩባንያው በራሱ ፈቃድ አይቀንስም፤ የክራንከንካሴ ጥቅም ግን በሕግ ማሻሻያ ሊጠብ ይችላል። ሁለቱም ደኅና ደመወዝ ላላቸው፣ ጤነኛና አንድ ልጅ ብቻ ላላቸው ባልና ሚስት የግሉ ሊረክስም ይችላል።

የሕዝቡን መድን የሚደግፉ፦ ሲረክስ የሚረክሰው በወጣትነት ነው። ደመወዝ ሲቀንስ የግል ዓረቦን አብሮ አይቀንስም፤ ዕድሜ 55 ካለፈ በኋላ ደግሞ ወደ ክራንከንካሴ መመለስ እጅግ ይከብዳል።

የግል መድንን የሚደግፉ፦ የአራት ዓመት ውል ፈርሞ ለሚመለስ ሰው የ55 ዓመቱ ጉዳይ ምን ያሳስበዋል?

የሕዝቡን መድን የሚደግፉ፦ ለሁለት ዓመት ብለው ሄደው ልጆቻቸውን እዚያው ለዩኒቨርሲቲ ያበቁ ስንት ወገኖች አሉን! ውሉ ሲፈረም የታሰበው ዘመንና የሚኖረው ዘመን አይገጥምም። ያሳሰብዎትን የሐኪም ጉዳይ በተመለከተ፣ የክራንከንካሴ አባል ለጥርስ ሕክምና፣ ለብቻ የሆስፒታል ክፍልና ለዋና ሐኪም ክትትል ተጨማሪ የግል መድን መግዛት ይችላል፤ ሚስቱና ልጆቹ ያለ ዓረቦን እንደተሸፈኑ ይቆያሉ።

የግል መድንን የሚደግፉ፦ ተጨማሪው መድን የሆስፒታሉን ነገር ያቃልላል፤ የቀጠሮውን ወረፋ ግን አያሳጥርም። ሕመም ያለበት ልጅ ላለው ቤተሰብ ክራንከንካሴ እንደሚሻል እቀበላለሁ፤ ጤነኛና አነስተኛ ለሆነ ቤተሰብ ግን አሁንም የግሉን እመክራለሁ።